ኔክስትክላውድ በኬ3ኤስ ክላስተር ላይ፦ ፖዱ ይነሳል ይወድቃል፣ ትልቅ ፋይል በ60 ሰከንድ ይቆረጣል

አዲስ_ኖድ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። 40 ለሚሆኑ ሠራተኞች የፋይል ማጋሪያ ለማቆም ኔክስትክላውድን በክላስተር ላይ እየጫንኩ ነው። ያለኝ 3 ማሽን ነው፤ እያንዳንዱ 4 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ። ኡቡንቱ ሰርቨር፣ በላዩ ኬ3ኤስ (ቀለል ያለው ኩበርኔቲስ፤ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽን ላይ የሚያስነሳና የሚጠብቅ ሥርዓት)፣ ለዲስክ ሎንግሆርን (የማሽኖቹን ዲስክ በቅጂ እያባዛ የሚያጋራ)። ኔክስትክላውዱን የጫንኩት በኮሚኒቲው ሄልም ቻርት (ዝግጁ የመጫኛ ጥቅል) ሲሆን የቀየርኩት የዶሜይን ስሙንና የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ብቻ ነው።

ያስቸገሩኝ ነገሮች፦

1. ፖዱ (ኔክስትክላውዱ የሚሠራበት ኮንቴይነር) መጀመሪያ ሲነሳ አራት አምስት ጊዜ ሪስታርት ያደርጋል።
2. በስክሪፕት፣ በዌብዳቭ (በድር ፋይል መላኪያ ፕሮቶኮል) የሚላክ የ3 ጊጋባይት ቪዲዮ ልክ 60 ሰከንድ ሲሞላ ይቋረጣል። ያው ፋይል በብሮውዘር ሲጫን ብዙ ጊዜ ያልፋል።
3. ፖዱ ሲሰረዝ ፋይሎቹ አብረው ይጠፉ ነበር። «ፐርሲስተንስ» የሚለውን (በቋሚ ዲስክ ማስቀመጫውን) ሳበራው ቀሩ፤ ግን ሪፕሊካውን (የፖዱን ብዛት) 3 ሳደርግ አንዱ ብቻ ይሠራል፣ ሁለቱ «ኮንቴይነር ክሪኤቲንግ» እንዳሉ ይቀራሉ።

ሰው ከማስገባቴ በፊት ምን ላስተካክል?

———

ጋሽ_ሰርቨር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ከ3ኛው ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ኔክስትክላውድ ሊጠፋ የማይገባው ነገር ሦስት ቦታ ላይ ነው ያለው፦ ፋይሎቹ፣ ዳታቤዙ፣ እና ኮንፊግ ፋይሉ። ፖዱ ራሱ ምንም አይደለም፤ ቢሞት ይተካል። ቻርቱ ግን እንዳለ ሲጫን ለሦስቱም አይጨነቅም። ፐርሲስተንስ በዲፎልት የጠፋ ነው፤ ስታበራውም የሚጠይቀው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዳታቤዙ ደግሞ አንተ ሌላ እስካላልከው ድረስ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል ውስጥ ያለ ትንሽ ዳታቤዝ) ነው። ኤስኪውላይት ለሙከራ ይበቃል። 40 ሰው የዴስክቶፕ ክላየንቱን ከፍቶ በየ30 ሰከንዱ ለውጥ ሲጠይቅ፣ እሱም ላይ ፋይሉ በኔትወርክ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ «ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ» የሚለው ስህተት ሎጉን ይሞላዋል። ሰው ከገባ በኋላ መቀየር ይቻላል፣ ግን አሁን ባዶ እያለ አፍርሰህ በፖስትግሬስ (ለብዙ ተጠቃሚ በሚሆነው ዳታቤዝ) እንደገና ብትጭን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሌላ፦ ለፋይሎቹ ከፕሮግራሙ የተለየ ቮልዩም (የዲስክ ድርሻ) ስጣቸው። ቻርቱ ውስጥ «ኔክስትክላውድ ዳታ» የሚል ለብቻው የሚበራ ክፍል አለ። ፕሮግራሙና ኮንፊጉ 10 ጊጋባይት ቢያገኙ ይበቃቸዋል፤ ዳታው የፈለገውን ያህል ይደግ። ሁለቱ ተቀላቅለው ዳታው ሲሞላ ማሻሻያ መጫን እንኳ አትችልም።

———

ማህደር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ስለ ሪፕሊካው፦ የቮልዩምህ አክሰስ ሞድ «ሪድ ራይት ዋንስ» ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ይህን «አንድ ፖድ ብቻ» ብሎ ይረዳዋል፤ ትርጉሙ ግን «አንድ ኖድ (ማሽን) ብቻ» ነው። ሁለቱ ፖዶች እዛው ኖድ ላይ ቢወድቁ ቮልዩሙን በጋራ ይይዙት ነበር። ሌላ ኖድ ላይ ስለተመደቡ ይጠብቃሉ። የፖዱን ኢቨንት ብታነብ «መልቲ አታች ኤረር» የሚል ታገኛለህ።

ሎንግሆርን «ሪድ ራይት ሜኒ»ም ይሰጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቮልዩሙን አንድ «ሼር ማናጀር» የሚባል ፖድ ይይዘውና በኤንኤፍኤስ (የኔትወርክ ፋይል ማጋሪያ) ለሌሎቹ ያካፍላል። ስለዚህ በየኖዱ ላይ ሁለት ፓኬጅ የግድ ነው፤ ኦፕን አይስካዚና የኡቡንቱ ኤንኤፍኤስ ኮመን። ሁለተኛው ከሌለ ፖዱ «ማውንት» ላይ ቆሞ ስለ ረዳት ፕሮግራም አለመኖር ያጉረመርማል። ሼር ማናጀሩም አንድ ፖድ ብቻ ነው፤ እሱ የተቀመጠበት ኖድ ሲወድቅ ሦስቱም የኔክስትክላውድ ፖዶች አብረው ይቆማሉ፣ እስኪተካ ድረስ።

ቦታውንም ቁጠረው። ሎንግሆርን በዲፎልት 3 ቅጂ ይይዛል፣ ከዋናው ዲስክም 30 በመቶውን አይነካም። 3 ቴራባይት ያለህ ይመስልሃል፤ በተግባር የምታገኘው 700 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ስናፕሾት የሚበላው ሳይቆጠር። ቅጂውን 2 ብታደርገው ወደ 1 ቴራባይት ትጠጋለህ። ለ40 ሰው ፋይል 2 ቅጂና ጥሩ ባክአፕ፣ 3 ቅጂ ያለ ባክአፕ ከመሆን ይሻላል።

———

ዝም_ብሎ_ኮምፖዝ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ይቅርታ፣ ግን 40 ሰው ነው እኮ! አንድ ማሽን፣ ዶከር ኮምፖዝ፣ ሁለተኛው ማሽን ላይ በየሌሊቱ ባክአፕ። ዝንብ ለመግደል መድፍ ምን ያስፈልጋል? ኔክስትክላውድ ፒኤችፒ ነው፤ ክላስተር ላይ ብታወጣውም ያው አንድ ፒኤችፒ ነው።

———

ማህደር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ኔክስትክላውድ ብቻውን ቢሆን በሙሉ እስማማ ነበር። ክላስተሩ ለሌላ ሥራ ቀድሞ ካለ ግን ለአንድ አፕሊኬሽን ብሎ የተለየ አሠራር መያዝም ዋጋ አለው። ጥያቄው እሱን አይመስለኝም።

ከአንተ የምወስደው አንድ ነገር አለ፦ ሪፕሊካውን 1 ላይ ተወው። ለ40 ሰው አንድ ፖድ ከበቂ በላይ ነው። የክላስተሩ ጥቅም እዚህ ፖዱ ሲሞት በሌላ ኖድ ላይ መነሳቱ ነው፣ መብዛቱ አይደለም። ሪፕሊካው 1 ከሆነ «ሪድ ራይት ዋንስ» ይበቃል፣ ሼር ማናጀር የሚባል ጣጣም ይቀራል። የማሻሻያ ስልቱ ግን «ሪክሪኤት» መሆኑን አረጋግጥ። «ሮሊንግ አፕዴት» ከሆነ አዲሱ ፖድ ቮልዩሙን ይጠብቃል፣ አሮጌው አዲሱን ይጠብቃል፤ ተፋጠው ይቀራሉ።

———

ገመድ_አልባ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

1ኛው ጥያቄ፦ ፖዱን የሚገድለው ኩበርኔቲስ ራሱ ነው።

የኔክስትክላውድ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) መጀመሪያ ሲነሳ የፕሮግራሙን ፋይሎች በሙሉ ከኢሜጁ ወደ ቮልዩሙ ይገለብጣል። ትንንሽ የፒኤችፒ ፋይሎች ናቸው፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ፤ የኔትወርክ ዲስክ ደግሞ የሚደክመው ትልቅ ፋይል ላይ ሳይሆን ትንንሹ ሲበዛ ነው። ግልበጣው ሳያልቅ ዌብ ሰርቨሩ አይነሳም። የቻርቱ «ላይቭነስ ፕሮብ» ግን ከ10 ሰከንድ በኋላ መጠየቅ ይጀምራል፣ በየ10 ሰከንዱ ይደግማል፣ ሦስት ጊዜ መልስ ካጣ ይገድላል። ፖዱ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ በልጦ ነው ዕድሜው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

መፍትሔው ላይቭነሱን ማጥፋት አይደለም (ብዙ ሰው ያንን ይመክራል፣ ስህተት ነው)። በዲፎልት የጠፋውን «ስታርታፕ ፕሮብ» አብራው፣ የሙከራውን ብዛት 60 አድርገው። በየ10 ሰከንዱ 60 ሙከራ ማለት 10 ደቂቃ ትዕግሥት ነው። እሱ እስኪሳካ ላይቭነሱ ሥራ አይጀምርም።

ይህ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ እንዳይመስልህ። ዋናው አደጋ የሚመጣው ቨርዥን ስታሻሽል ነው። ያኔ ከግልበጣው ሌላ የዳታቤዝ ለውጥም አለ። መሀል ላይ ከተገደለ ኔክስትክላውዱ «ሜንተናንስ ሞድ» ላይ እንደተዘጋ ይቀራል። ከዚያ ኦሲሲ በሚባለው የኔክስትክላውድ የትእዛዝ መሣሪያ አፕግሬዱን በእጅህ ማስጨረስ፣ ሜንተናንሱንም ማጥፋት ነው። ኦሲሲን ዌብ ሰርቨሩ በሚሠራበት ዩዘር አስነሳው፣ በሩት አይደለም። በዴቢያኑ ኢሜጅ የዩዘሩ ቁጥር 33፣ በአልፓይኑ 82 ነው። ከአንዱ ኢሜጅ ወደ ሌላው የሚዘል ሰው ፋይሎቹ ሁሉ የሌላ ሰው ሆነው የሚያገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው።

———

ጋሽ_ሰርቨር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ገመድ_አልባ ባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

የኢሜጁን ታግ «ሌተስት» ብለህ አትተው፤ ዋናውን ቁጥር ጻፍ። ኔክስትክላውድ ዋና ቨርዥን ዘሎ አያልፍም። ከ28 ወደ 30 መሄድ የፈለገ መጀመሪያ 29ን ይረግጣል። ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ዳታው ከኢሜጁ ከበለጠ ኮንቴይነሩ አልነሳም ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ «ኤፍኤስ ግሩፕ» የሚባለው የፖድ ማስተካከያ። እሱ ሲኖር ኩበርኔቲስ ቮልዩሙን ባያያዘ ቁጥር የፋይሎቹን ሁሉ ባለቤትነት ከላይ እስከ ታች ይፈትሻል። ዛሬ ባዶ ስለሆነ አይታይህም። ግማሽ ሚሊዮን ፋይል ሲሞላ ግን ፖዱ ሳይነሳ ብዙ ደቂቃ ይቆማል፣ ሎጉም ላይ ምንም የለም፤ ምክንያቱም ኮንቴይነሩ ገና አልተጀመረም። «የለውጥ ፖሊሲውን» ወደ «ኦን ሩት ሚስማች» ቀይረው። ያኔ የሚያየው የላይኛውን ፎልደር ብቻ ነው፤ እሱ ትክክል ከሆነ ያልፋል።

———

ሰሚራ_ኔት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

60 ሰከንዱ ከኔክስትክላውድ አይደለም፤ ከትሬፊክ ነው። ከኬ3ኤስ ጋር አብሮ የሚጫነው ኢንግረስ (ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ፖዱ የሚያሳልፍ) እሱ ነው። ከ2.11.2 ጀምሮ «ሪድ ታይምአውት» የሚባለው ዲፎልቱ 60 ሰከንድ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ገደብ አልነበረውም። የሚለካው አንድ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ እስኪነበብ ያለውን ጊዜ ነው። ስክሪፕትህ 3 ጊጋባይቱን በአንድ ጥያቄ ስለሚልክ ይቆረጣል። ብሮውዘሩ ግን ፋይሉን ከፋፍሎ ቁርጥራጩን በየራሱ ጥያቄ ይልካል፤ እያንዳንዱ ከ60 ሰከንድ በታች ስለሚጨርስ ያልፋል። «ብዙ ጊዜ» ያልከውም ለዚህ ነው፦ ላኪው ያለበት መስመር ሲዘገም አንዱ ቁርጥራጭ ራሱ ከደቂቃ ይበልጥና ይወድቃል። ለምሳሌ 10 ሜጋባይት ቁራጭ በ1 ሜጋቢት መስመር ለመላክ 80 ሰከንድ ይፈጃል።

ማስተካከያው፦ የትሬፊኩን ፋይል በቀጥታ አትንካ፤ ኬ3ኤስ ሲነሳ በራሱ ይጽፍበታል። በዛው የማኒፌስት ፎልደር ውስጥ «ሄልም ቻርት ኮንፊግ» ዓይነት የሆነ ሌላ ፋይል ፍጠር፣ ስሙን ከትሬፊኩ ጋር አንድ አድርገው። በውስጡ የ«ዌብ ሴኪውር» መግቢያውን ሪድ ታይምአውት 3600 ሰከንድ በለው። ዜሮ ማድረግም ይቻላል፤ ዜሮ ገደብ የለም ማለት ነው፣ ግን ግንኙነት ከፍቶ የሚተኛ ሁሉ እንዲቆይ መፍቀድም ነው።

ሌሎች ለምታነቡ፦ ኢንግረስ ኢንጂንኤክስ ላይ ያላችሁ ችግራችሁ ሌላ ነው። እዛ የሚያግደው መጠኑ ነው፤ ዲፎልቱ 1 ሜጋባይት ስለሆነ 413 (ጥያቄው ከመጠን በላይ ነው የሚል ስህተት) ይመልሳል። በአኖቴሽን «ፕሮክሲ ቦዲ ሳይዝ»ን ዜሮ ማድረግ ነው። ግን አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ አትጀምሩበት፤ ጥገናው እስከ ማርች 2026 ብቻ እንደሆነ አዘጋጆቹ አስታውቀዋል።

———

አዲስ_ኖድ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡48

አምላክ ይስጥልኝ! አፍርሼ በፖስትግሬስ ጀመርኩ፣ ስታርታፕ ፕሮቡ በርቷል፣ ሪስታርት የለም። የትሬፊኩን ታይምአውት አሳደግኩ። አሁን ስክሪፕቱ 60 ሰከንዱን ያልፋል፣ ግን ይኸው ደግሞ 413 መጣ። ትሬፊክ የመጠን ገደብ የለውም አይደል?

———

ሰሚራ_ኔት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

የለውም። አሁን የደረስክበት ኢሜጁ ውስጥ ያለው ዌብ ሰርቨር፣ አፓቺ ነው። አፓቺ ከ2.4.54 ጀምሮ የአንድን ጥያቄ መጠን በ1 ጊጋባይት ይገድባል፣ ኢሜጁም ያንኑ ይዟል። «አፓቺ ቦዲ ሊሚት» የሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል አለ፤ ዜሮ ስትለው ገደቡ ይነሳል። «ፒኤችፒ አፕሎድ ሊሚት» የሚባለውም አለ፣ ዲፎልቱ 512 ሜጋባይት ነው። ሰዎች እሱን እያሳደጉ 413 አልጠፋም ይላሉ፤ የሚገዛው በፎርም የሚመጣውን እንጂ በዌብዳቭ በቀጥታ የሚላከውን አይደለም።

እዛው ቫሪያብሎቹ ጋ ሳለህ የራም ገደብህንም እየው። የአፓቺው ኢሜጅ እስከ 150 ሠራተኛ ፕሮሰስ ይወልዳል፤ እያንዳንዱ ፒኤችፒ እስከ 512 ሜጋባይት ቢፈቀድለት ሒሳቡን አንተው ሥራው። በተግባር ሁሉም ያን ያህል አይጠቀሙም፣ ግን ለፖዱ 1 ጊጋባይት ሰጥተህ 40 ሰው አንዴ ፎቶ ቢከፍት ቅድመ ዕይታው ራሙን ይበላና ፖዱ በ137 ይሞታል። ለእንዲህ ያለ ጭነት 4 ጊጋባይት ገደብ ስጠው፣ የሠራተኛ ብዛቱን ወደ 30 አውርደው። በኤፍፒኤም ኢሜጅ (ያለ አፓቺ በሚመጣው) ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ዲፎልቱ 5 ፕሮሰስ ብቻ ስለሆነ ሰው ይሰለፋል።

———

ዋርካ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሰው ከመግባቱ በፊት «ትረስትድ ፕሮክሲስ» (የሚታመኑ አሳላፊዎች) እና «ኦቨርራይት ፕሮቶኮል» የሚሉትን የኔክስትክላውድ ማስተካከያዎች ሙላ። ሁለተኛው ኤችቲቲፒኤስ ካልተባለ የዴስክቶፕ ክላየንቱ ሲገባ «ፍቀድ» የሚለውን ተጭኖ እዛው ይቀራል፤ ኔክስትክላውዱ ከትሬፊክ በኋላ የሚያየው ተራ ኤችቲቲፒ ስለሆነ አድራሻውን በዚያው ይሰጣል።

የመጀመሪያው መዘዙ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ኔክስትክላውድ የይለፍ ቃል የሚሞክርን ሰው በአድራሻው እየለየ ያዘገያል፣ እስከ 25 ሰከንድ። ፕሮክሲውን ካላወቀው ሁሉም ሰው ከትሬፊክ ፖድ አድራሻ የመጣ ይመስለዋል። አንዱ ስልኩ ላይ አሮጌ ፓስወርድ ረስቶ ከተወ፣ ስልኩ በየደቂቃው ሲሞክር 40ውም ሰው አብሮ ይዘገያል። ሁሉም «ኢንተርኔቱ ነው» ይላል።

በኬ3ኤስ የፖዶቹ የአድራሻ ክልል በዲፎልት 10.42.0.0/16 ነው፤ እሱን ታስገባለህ። ግን ያ ብቻ አይበቃም። የትሬፊኩ ሰርቪስ «ኤክስተርናል ትራፊክ ፖሊሲ» «ሎካል» ካልሆነ እውነተኛው አድራሻ ትሬፊክ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀየራል። የአስተዳዳሪውን ሎግ ከፍተህ የራስህን አድራሻ ካላየህ አልሠራም ማለት ነው።

———

የግዕዝ_ኪቦርድ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር፣ በእንግሊዝኛው ሰነድ ውስጥ የማታገኙት። የፋይል ስም በአማርኛ ስንጽፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ በተለመደው ኤክስት4 የአንድ ፋይል ስም ገደቡ 255 ባይት ነው፣ ፊደል አይደለም። ስለዚህ በላቲን የሚጽፍ 255 ፊደል ሲፈቀድለት ለእኛ 85 ነው። 

85ም ቢሆን አይሞላም። ፋይሉ ሲሻሻል የቀድሞው ቅጂ ስሙ ላይ ነጥብ፣ አንድ ፊደልና 10 አሃዝ ያለው ጊዜ ተለጥፎበት ይቀመጣል፤ 12 ባይት ነው። ባለ አራት ፊደል ኤክስቴንሽኑ ከነነጥቡ 5 ባይት። 255 ሲቀነስ 17፣ 238፤ ለሦስት ሲካፈል 79 ፊደል። «የ2017 በጀት ዓመት የሁለተኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት የተሻሻለ የመጨረሻ» እያለ ስም የሚያወጣ መሥሪያ ቤት 79 ላይ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። (ይህቺ ራሷ 50ን አልፋለች።) ክፍት ቦታ 1 ባይት ስለሆነ ትንሽ ያተርፋል፤ የኛው ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ግን 3 ባይት ናቸው።

ማሪያዲቢ (ሌላ ዳታቤዝ) የምትጠቀሙ፦ አማርኛ በአሮጌው ባለ 3 ባይት ኮድም ይሠራል። በ2021 ዩኒኮድ ላይ የገቡት አዲሶቹ የጉራጊኛ ፊደሎች ግን 4 ባይት ናቸው፤ ኢሞጂም እንዲሁ። ባለ 4 ባይቱን ምረጡ። ፖስትግሬስ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

———

ማህደር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ይህ ለኤስ3 (ኦብጀክት ስቶሬጅ፤ ፋይልን በፎልደር ሳይሆን በመለያ የሚያስቀምጥ ማከማቻ) የሚያደላ ምክንያት ነው ማለት ነው። ኔክስትክላውድ ዋና ማከማቻው ኦብጀክት ስቶሬጅ ሲሆን ፋይሉን በስሙ አያስቀምጥም፤ በቁጥር ነው። ስሙና ፎልደሩ ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ናቸው። የስም ርዝመት የዲስኩ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ፖዶቹም ቮልዩም መጋራት ስለማያስፈልጋቸው መብዛት ይቀላቸዋል።

ዋጋው ግን ይኸው ነው፦ ዳታቤዙ ከጠፋ ቁጥር የለጠፉ ስም የለሽ ፋይሎች ክምር ብቻ ነው የሚቀርህ። ውሳኔውም ከጭነት በፊት መሆን አለበት፤ ኋላ ከዲስክ ወደ ኤስ3 የሚወስድ ይፋ መንገድ የለም። ራሳችሁ የምታቆሙት ከሆነ «ፓዝ ስታይል» የሚለውን ማብራት አትርሱ፣ ካልበራ ባኬቱን (የፋይሎቹን መያዣ) በዶሜይን ስም ይፈልገዋል። ለማከማቻው ሶፍትዌር ከዚህ በፊት ሁሉም ሚንአይኦ ይል ነበር፤ የነጻው እትም ከ2025 ወዲህ በጣም ስለተቆራረጠ አሁን ጋራዥን ወይም ሲዊድ ኤፍኤስን እዩ። ለ3 ኖድና ለ40 ሰው ግን ተራ ቮልዩም ይበቃል ነው የምለው።

———

ጋሽ_ሰርቨር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ዳታቤዙ ከተነሳ ዘንድ፦ ከቻርቱ ጋር አብረው የሚመጡት ፖስትግሬስ፣ ማሪያዲቢና ሬዲስ (በራም ላይ የሚሠራ ፈጣን ማከማቻ) ቢትናሚ የሚባለው አዘጋጅ ያወጣቸው ነበሩ። ቢትናሚ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ነጻ ኢሜጆቹን ወደ «ሌጋሲ» ስላዛወራቸውና እዛም ማሻሻያ ስለማያገኙ፣ በአሮጌ ቫልዩስ (የቻርቱ ማስተካከያ) ፋይል የጫነ ሰው «ኢሜጅ ፑል ባክኦፍ» ላይ ይቆማል። ፖስትግሬሱን በክላውድ ኔቲቭ ፒጂ ኦፐሬተር (ፖስትግሬስን በክላስተር ላይ የሚያስተዳድር) አቁመው፣ ኔክስትክላውዱን «ኤክስተርናል ዳታቤዝ» ብለህ አገናኘው። ሬዲሱንም ከይፋዊው ኢሜጅ በተለየ ዲፕሎይመንት። ሬዲስ የግድ ነው፤ የፋይል መቆለፊያው በሱ ካልሆነ ዳታቤዙን ያጨናንቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ኦፐሬተሩ ራሱ 3 ኢንስታንስ አድርጎ ዳታውን ይገለብጣል። ያንን ሎንግሆርን ላይ ብታስቀምጠው እያንዳንዱ ኢንስታንስ ደግሞ 3 ቅጂ አለው፤ አንድ ረድፍ 9 ቦታ ይጻፋል። ለዳታቤዙ የኬ3ኤስን «ሎካል ፓዝ» ስጠው። የኖዱ ዲስክ ላይ በቀጥታ ስለሚጽፍ ፈጣን ነው፤ ኖዱ ቢሞት ኦፐሬተሩ ሌላውን ኢንስታንስ ዋና ያደርገዋል።

ባክአፕ፦ የሎንግሆርን ቅጂ ባክአፕ አይደለም። ሰው ፎልደር ቢሰርዝ ሦስቱም ቅጂ በታማኝነት ይሰርዛሉ። ቅደም ተከተሉ ሜንተናንስ ሞድ ማብራት፣ ዳታቤዙን ማውጣት፣ ፋይሎቹን መቅዳት፣ ኮንፊጉን መቅዳት፣ ሜንተናንሱን ማጥፋት ነው። ኮንፊጉ ውስጥ «ሲክሬት» እና «ፓስወርድ ሶልት» የሚሉ አሉ፤ ሄልሙ እንደገና ቢጭን አዲስ ይፈጥራል እንጂ የድሮውን አያውቅም። ከባክአፕ ከመለስክ በኋላ ደግሞ በኦሲሲ «ዳታ ፊንገርፕሪንት» የሚለውን ትእዛዝ አስኪድ። ካላስኬድክ የሰዎቹ ዴስክቶፕ ክላየንት ሰርቨሩ ላይ የሌለውን አዲስ ፋይል «ተሰርዟል» ብሎ ከላፕቶፑም ያጠፋዋል።

———

ገመድ_አልባ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ክሮን (የጀርባ ሥራን በየጊዜው የሚያስነሳው) ደግሞ እስካሁን ማንም አላነሳም። በዲፎልት ኔክስትክላውድ የጀርባ ሥራውን የሚሠራው ሰው ገጽ ሲከፍት ነው፤ ማንም ካልከፈተ አይሠራም። የቻርቱን ክሮን ክፍል አብራና በየ5 ደቂቃው ይሂድ። ሳይድካር ሆኖ እዛው ፖድ ውስጥ ቢሆን ይሻልሃል፤ የተለየ «ክሮን ጆብ» ካደረግከው ቮልዩምህ አንድ ኖድ ላይ ስለሆነ ሌላ ኖድ ላይ ሲወድቅ ያው መልቲ አታች ይመጣል።

ከባድ ሥራዎቹ የሚሠሩበት የ4 ሰዓት መስኮት አለ፤ «ሜንተናንስ ዊንዶው ስታርት»። የሚቆጥረው በዩቲሲ ነው። ሰነዱ ምሳሌ ላይ 1 ይላል፤ እሱን ገልብጦ የተወ ሰው እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው የሚሠራለት፣ ልክ ሰው ቢሮ ሲገባ። 20 በለው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል።

———

አዲስ_ኖድ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁሉንም አስገብቻለሁ፤ 3 ጊጋባይቱ ገባ፣ ሎጉ ላይ እውነተኛ አድራሻ ይታያል። የመጨረሻ ፈተና ብዬ ኔክስትክላውዱ ያለበትን ኖድ ከሶኬት ነቀልኩት። ፖዱ 5 ደቂቃ ያህል ምንም ሳይል ቆየ፣ ከዚያ «ተርሚኔቲንግ» አለና እዛው ቀረ። አዲሱ ፖድ ሌላ ኖድ ላይ «ኮንቴይነር ክሪኤቲንግ» ነው። ኖዱን መልሼ ስሰካው ነው የተስተካከለው። ክላስተሩ ለምን በራሱ አልተነሳም?

———

ማህደር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

5 ደቂቃው ዲፎልት ነው፤ ኩበርኔቲስ ከጠፋ ኖድ ላይ ፖዶችን ለማንሳት 300 ሰከንድ ይታገሣል። ለዚህ ዲፕሎይመንት ብቻ «ቶለሬሽኑን» 60 ማድረግ ትችላለህ። ከዚያ በታች አታውርደው፣ ስዊች በተነቀነቀ ቁጥር ፖዱ ይሰደዳል።

«ተርሚኔቲንግ» ላይ የቀረው ደግሞ ኩበርኔቲስ ኖዱ በእርግጥ መሞቱን ስለማያውቅ ነው። ኔትወርኩ ብቻ ተቆርጦ ፖዱ እዛ እየጻፈ ቢሆንስ? ሁለት ፖድ አንድ ዲስክ ላይ ቢጽፉ ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ መጠበቅን ይመርጣል። ሎንግሆርን ውስጥ «ኖድ ሲወድቅ የፖድ ማጥፊያ ፖሊሲ» የሚል ማስተካከያ አለ። ዲፎልቱ ምንም አታድርግ ነው፤ የዲፕሎይመንትንም የስቴትፉል ሴትንም ፖድ አጥፋ ወደሚለው ቀይረው። በእጅ ከሆነ ማሽኑ መጥፋቱን በዓይንህ አይተህ ኖዱ ላይ «አውት ኦፍ ሰርቪስ» የሚለውን ቴይንት (ምልክት) ለጥፍ፤ ቮልዩሙ ወዲያው ይለቀቃል። ኖዱ ሲመለስ ቴይንቱን ማንሳት አትርሳ።

———

አዲስ_ኖድ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡02

ፖሊሲውን ቀየርኩ፣ ቶለሬሽኑን 60 አደረግኩ፣ እንደገና ነቀልኩ። ተነሳ! አሁን መብራት ሲጠፋስ? ሦስቱም አንድ ዩፒኤስ ላይ ናቸው።

———

ዋርካ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሦስቱም ኖድ «ሰርቨር» ሆነው በ«ክላስተር ኢኒት» የተነሱ ናቸው? ካልሆኑ ዋናው አንድ ብቻ ነው፣ የክላስተሩ መዝገብም እዛው ኤስኪውላይት ላይ ነው። ከሆኑ መዝገቡ የሚቀመጥበት ኢትሲዲ እንዲሠራ ከ3ቱ ማሽን 2 ይፈልጋል። ዩፒኤሱ ሲያልቅ ሦስቱም አንዴ ከሚወድቁ ባትሪው ሳያልቅ ሥርዓት ይዘው እንዲዘጉ አድርግ፦ መጀመሪያ የኔክስትክላውዱን ሪፕሊካ ዜሮ፣ ቀጥሎ የፖስትግሬሱን ክላስተር ማስተኛት፣ የሎንግሆርን ቮልዩሞች ሁሉ «ዲታችድ» ሲሉ ማሽኖቹን። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ካለው «ኑት» የሚባለው ሶፍትዌር አንዱ ማሽን ላይ ተጭኖ ለሌሎቹ በኔትወርክ ይነግራል። ስዊቹም እዛው ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ እሱ ቀድሞ ከጠፋ ነጋሪም ተነጋሪም የለም።